የገና ዶሮ ወጥ፦ ቁሌቱን በጾም፣ ዶሮውን በዋዜማ

የነቢያት ጾም ገብቶ ገና ሲቃረብ የሚመጣው ጥያቄ ሁሌም ያው ነው፦ «ጾም ላይ ሆኜ፣ ሳልቀምስ፣ የዶሮ ወጡን ጨው እንዴት ነው የምመጥነው?» ተከትሎ የሚመጣውም አይለወጥም፦ «ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እንዲደርስልኝ መቼ ልጀምር?»

ለሁለቱም መልሱ ሥራውን ለሁለት መክፈል ነው። ቁሌት ቅቤ እስኪገባበት ድረስ የጾም ምግብ ነው። ሽንኩርት፣ ዘይት፣ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ጨው እንጂ የፍስክ ነገር የለበትም። ስለዚህ ከዋዜማው በፊት በነበረው ቀን ተሠርቶ፣ ተቀምሶና ጨው ተስተካክሎ ያድራል። ለዋዜማው የሚቀሩት ቅቤ፣ ዶሮ፣ እንቁላልና መከለሻ ናቸው። እነሱ በልክ የሚገቡ ስለሆኑ ምላስ አይፈልጉም።

ከዚህ በታች ያለው ልክ ለአንድ ዶሮ፣ ከ10 እስከ 12 ሰው ለሚቀርብበት ገበታ ነው።

መቼ ምን ይሠራል

ገና ታኅሣሥ 29 ይውላል። በዘመነ ዮሐንስ ግን፣ ማለትም ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ በሚገባው ዓመት (2016 እንደነበረው፣ 2020 እንደሚሆነው)፣ ታኅሣሥ 28 ስለሚውል ከታች ያሉትን ቀኖች ሁሉ በአንድ ቀን ያስቀድሟቸው። ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውልም ይበላል። ጾሙ ዋዜማው ላይ ነው።

- ታኅሣሥ 22 ገደማ፦ እንቁላል ይገዛል። የዛሬ እንቁላል ተቀቅሎ ሲላጥ ነጩ ከቅርፊቱ ጋር እየተቦጨቀ ይወጣል። ሳምንት የቆየ ግን በቀላሉ ይላጣል።
- ታኅሣሥ 26፦ ዶሮውና ሽንኩርቱ ይገዛሉ። በዋዜማው ማለዳ መግዛት ዋጋውም ግፊያውም አይቻልም።
- ታኅሣሥ 27 ከሰዓት በኋላ፦ ቁሌት። 4 ሰዓት ያህል ይፈጃል።
- ታኅሣሥ 28 ከሰዓት በኋላ፦ ዶሮው ይታረዳል፣ ይበለታል፣ ይሠራል። ማጠቡን ጨምሮ ሌላ 4 ሰዓት።

ውጭ አገር ላላችሁ ቀኑ ሁሌ ጃንዋሪ 7 ነው፤ የሥራ ቀን ሊሆንም ይችላል። ቁሌቱን ባለፈው ቅዳሜና እሑድ ሠርቶ ማስቀመጥ ይቻላል። ማቀዝቀዣ ውስጥ 4 ቀን፣ ፍሪዘር ውስጥ ወር ቢቆይ ጣዕሙ አይጎድልም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለቁሌቱ፦
- ቀይ ሽንኩርት 2 ኪሎ ተኩል (ተልጦ 2 ኪሎ ከ200 ግራም ገደማ ይወጣዋል)
- በርበሬ 200 ግራም፣ በሻይ ብርጭቆ 2 ያህል
- ዘይት ግማሽ የሻይ ብርጭቆ
- ነጭ ሽንኩርት 2 ራስ፣ ዝንጅብል የአውራ ጣት ያህል፣ አብረው የተወቀጡ
- ጨው 1 የሾርባ ማንኪያ፣ አናቱ የተላጨ

ለዋዜማው፦
- ዶሮ 1፣ ከነነፍሱ 2 ኪሎ ገደማ የሚመዝን
- ንጥር ቅቤ 200 ግራም
- ጨው ግማሽ የሾርባ ማንኪያ፤ ለማጠቢያ ደግሞ ለብቻው አንድ እፍኝ
- ሎሚ 4
- እንቁላል 12
- መከለሻ 1 የሾርባ ማንኪያ፣ የተፈጨ ኮረሪማ 1 የሻይ ማንኪያ

ዕቃ፦ ቂጡ ወፍራም የሆነ ከ8 እስከ 10 ሊትር የሚይዝ ድስት፣ ረጅም የእንጨት ማማሰያ፣ ሁለት ሰፊ ጎድጓዳ ሳህን፣ ስለታም ቢላ፣ ለዶሮው ብቻ የሚውል መክተፊያ፣ እና ሁልጊዜ ከጎን የሚቀመጥ ሙቅ ውሃ በፔርሙዝ። ፔርሙዙን ችላ አይበሉት። ቁሌት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ በገባ ቁጥር ድስቱ ይበርድና ሽንኩርቱ መቁላላቱን ትቶ መቀቀል ይጀምራል።

ድስቱ ስስ ከሆነ ይህን ሥራ በእሱ አይጀምሩት፤ ይዋሱ። ስስ ድስት እሳቱ ባለበት ቦታ ብቻ ይግልና መሐሉ ሲያርር ዳሩ ጥሬ ይሆናል።

ታኅሣሥ 27፦ ቁሌት

የዶሮ ወጥ ጣዕም ከዶሮው ይልቅ የቁሌቱ ነው። ስለዚህ ከጠቅላላው ድካም ትልቁ ድርሻ እዚህ ይዋል።

1. በርበሬውን አስቀድመው በምላስ ጫፍ ይቅመሱ። በርበሬ ሲፈጭ ጨው የሚጨምር ቤት ብዙ ነው። ጨው ጨው ካለዎት በዝርዝሩ ላይ ካለው የቁሌት ጨው ግማሹን ብቻ ያዘጋጁ፤ ቀሪውን በመጨረሻ ቀምሰው ይወስናሉ። የተገዛ በርበሬ ከሆነ ይህን መዝለል ነው በኋላ የወጡን ጨው የሚያበዛው።

2. ሽንኩርቱን አድቅቀውና እኩል አድርገው ይክተፉት። ከድቀቱ ይበልጥ እኩልነቱ ነው ቁም ነገሩ። ደቃቁ ከሻካራው ጋር ተደባልቆ ከገባ ደቃቁ ሲያርር ሻካራው ገና ጥሬ ነው፤ ወጡም ላይ እንደ ቅጠል ይንሳፈፋል። በመፍጫ የሚፈጩ ከሆነ ትንሽ ትንሹን እያደረጉ፣ ቁልፉን ነካ ለቀቅ ያድርጉት። እንደ ጁስ ከላመ ውሃውን በሙሉ ይለቃል፣ አረፋ ያወጣል፣ ለመምጠጥም እጥፍ ጊዜ ይፈልጋል። ከዚያ ብሶ ምሬት የሚያመጣበት ጊዜ አለ።

3. ድስቱን መካከለኛ እሳት ላይ ጥደው ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ያስገቡ። ቡታጋዝም ኤሌክትሪክ ምድጃም ይሆናል፤ ከሰልም ደግ ነው፣ ግን ፍሙ እንደተነሣ ሳይሆን ረመጥ ሲይዝ ይጣዱ። ዘይት ቀድሞ ከገባ ሽንኩርቱን ይሸፍነዋል፣ ውሃው ቶሎ አይወጣም። የመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃ ክዳኑን ገርበብ አድርገው ይተዉት፤ ሽንኩርቱ በራሱ ውሃ ይለሰልሳል። ከዚያ ክዳኑን አንሥተው በየሁለት ሦስት ደቂቃው ከሥሩ እያነሡ ያማስሉ።

ይህ ደረጃ ለ2 ኪሎ ተኩል ሽንኩርት ከ50 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ከሩብ ይወስዳል። ብዙ ሰው 25 ደቂቃ ላይ ሽንኩርቱ ስለለሰለሰ ብቻ የደረሰ መስሎት በርበሬ ይጨምራል። ከሚበላሹት ዶሮ ወጦች ግማሹ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መድረሱን በሦስት ነገር ይለዩት፦
- መጠኑ ከገባው ወደ ሲሶ ወርዷል፤
- ማማሰያውን ከድስቱ ሥር ጎትተው ሲያልፉ መንገዱ ክፍት ሆኖ ይቆያል እንጂ ውሃ ተመልሶ አይሞላውም፤
- ዓይን የሚያቃጥለው ሽታ ጠፍቶ ጣፈጥ ያለ ሽታ ተክቶታል፤ ሐምራዊው መልክም ወደ ቡናማ ዞሯል።

መያዝ ሲጀምር ከፔርሙዙ ሁለት ማንኪያ ያህል ሙቅ ውሃ ጠብ አድርገው የያዘውን ይፋቁት። ቡናማ ከሆነ ጣዕም ነው፣ ይቀላቀል። ጥቁር ከሆነ አይፋቁት! ወዲያውኑ የላዩን ብቻ ወደ ሌላ ድስት ይገልብጡ።

4. ዘይቱን ጨምረው 15 ደቂቃ ያቁላሉ። አሁን ውሃው ስለወጣ ዘይቱ ሥራውን ይሠራል። የሽንኩርቱ ድምፅ ከመንተክተክ ወደ ሲርርታ ሲለወጥ ይሰማዎታል።

5. እሳቱን ይቀንሱና በርበሬውን ይጨምሩ። ከመጨመርዎ በፊት ግማሽ የሻይ ብርጭቆ ሙቅ ውሃ ድስቱ ውስጥ መኖር አለበት። በርበሬ ደረቅ ዘይት ላይ ከወደቀ ደቂቃ አይፈጅበትም፣ ጠቁሮ ይመርራል። የመረረ በርበሬ ደግሞ ቅቤም ማርም አይመልሰውም፤ ተደፍቶ እንደገና መጀመር ነው ያለው።

ከዚህ በኋላ 50 ደቂቃ ከድስቱ አይራቁ። አሠራሩ ተደጋጋሚ ነው፦ ያማስላሉ፣ ውሃው ይተናል፣ ዘይቱ በዳር በዳር ይታያል፣ ግማሽ የቡና ሲኒ ሙቅ ውሃ ጠብ ያደርጋሉ፣ እንደገና ያማስላሉ። ውሃውን ባንዴ አብዝተው ከጨመሩ በርበሬው ይቀቀላል እንጂ አይቁላላም፤ ሲበላም ጉሮሮ የሚከረክር ጥሬ ጣዕም ይተዋል። ውሃ ጠብ ባደረጉ ቁጥር በርበሬው ቀለሙን እየለቀቀ ከደማቅ ቀይ ወደ ጠቆር ያለ ቀይ ይሄዳል።

መድረሱ የሚታወቀው ማማሰሉን ለአንድ ደቂቃ ሲያቆሙ ነው። ቁሌቱ ተፍ ተፍ እያለ ፊቱ ላይ ቀይ ዘይት ከቀረረ ደርሷል። ተፍ ተፍ ሲል ስለሚፈናጠር ሕፃናትን ከምድጃው ያርቁ፣ እጅጌ ያለው ልብስ ይልበሱ። ቆዳ ላይ የሚያርፈው ቁሌት እንደ ውሃ አይወርድም፤ ተጣብቆ ያቃጥላል።

6. ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ጨምረው 15 ደቂቃ። መጀመሪያ ከሽንኩርቱ ጋር የሚያስገቡም አሉ። ከሁለት ሰዓት በላይ እሳት ላይ የቆየ ነጭ ሽንኩርት ግን መዓዛው አብሮት አይቆይም፤ ለድካሙ የማይመጥን ነው።

7. የተዘጋጀውን የቁሌት ጨው ጨምረው ይቅመሱ። ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት አፍ የማይከፍቱ ከሆነ ሥራውን በዚያ ልክ ያስጀምሩት፤ ጨው የሚገባው እስከ ማምሻው ይደርሳል። ቁሌቱ ለብቻው በእንጀራ ሲቀመስ ትንሽ ጨው የበዛበት መምሰል አለበት። ነገ ጨው ያልገባበት ዶሮ፣ ቅቤና ውሃ ስለሚገቡበት ይላላል። ልክ ነው የሚሉት ከሆነ ነገ አልጫ ይሆናል።

8. አንድ የሻይ ብርጭቆ ሙሉ ቁሌት ለብቻ ቀንሰው ያስቀምጡ። ነገ ወጡ ቢቀጥን መድኃኒቱ እሱ ነው። ካላስፈለገም የዋዜማው ምሳ ሽሮ ላይ ጣል ማድረግ ነው፤ የጾም ነውና።

ቀሪውን አቀዝቅዘው ይክደኑ። ማቀዝቀዣ ካለ እዚያ ይደር። በትልቅ ድስት ሙሉ ሆኖ ከሆነ መጀመሪያ ወደ ሰፋ ያለ ዕቃ ይገልብጡት፤ መሐሉ ሳይበርድ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ያስገርማል።

ታኅሣሥ 28፦ ዶሮው

ሲገዙ፦ ክብደቱን በእጅ አንጠልጥለው ይሞክሩ፤ የደረት አጥንቱን በጣት ይዳብሱ። እንደ ቢላ ስል ሆኖ ከወጣ ሥጋ የለውም። ኩክኒው ቀይ፣ ዓይኑ ንቁ ይሁን። የአውራ ዶሮ የእግሩ ጥፍር (ከኋላ ያለው) ረጅምና የተቆለመመ ከሆነ ሸምግሏል፤ ወጡ ይጣፍጣል፣ ግን ሁለት ሰዓት መቀቀሉን ይቁጠሩበት። ከመታረዱ በፊት ባለው ሌሊት እህል አይስጡት፣ ውሃ ብቻ። አንጀቱ ባዶ ሲሆን ሲበለት ሥጋው ላይ የሚፈስ ነገር አይኖርም። የሚያርድ ሰው ከውጭ የሚመጣ ከሆነ በዋዜማው ስንት ደጅ እንደሚጠራ ስለሚታወቅ ሰዓቱን ቀድመው ይቁረጡለት።

9. ማላጥ። 3 እጅ የፈላ ውሃ ላይ 1 እጅ ቀዝቃዛ ቀላቅለው ዶሮውን ለ1 ደቂቃ ያህል ይንከሩ፣ ላባውን ይንቀሉ። የሚፈላ ውሃ ውስጥ ከነከሩት ቆዳው ይበስልና ከላባው ጋር እየተቀደደ ይመጣል። የቀረውን ጭገር በእሳት ለብልበው ቆዳውን ይግፈፉ። ቆዳ ያለው ዶሮ ወጡን ያዝላል፣ ቁሌቱንም አያስገባም።

10. መበለት። በመገጣጠሚያው ይሂዱ እንጂ አጥንት አይስበሩ። የተሰበረ አጥንት ስንጣሪ ቁሌት ውስጥ አይታይም፤ ጉሮሮ ላይ ነው የሚገኘው። 12ቱ ብልት ስያሜው ከቤት ቤት ቢለያይም አከፋፈሉ ይህ ነው፦ 2 ታፋ፣ 2 እግር፣ 2 ክንፍ፣ 2 መላላጫ (ከደረቱ ግራና ቀኝ የሚላጠው ሥጋ)፣ ፈረሰኛ (የደረቱ አጥንት ከነሥጋው)፣ አንገት፣ እና ለሁለት የተከፈለው ጀርባ። ሐሞቱን ከጉበቱ ሲለዩ ትንሽ ጉበት አብሮ ቢቆረጥ ይሻላል። ከፈነዳ የነካው ሥጋ ሁሉ ይመርራል፤ በፍጥነት ይታጠብ፣ አረንጓዴ የሆነው ይቆረጥ።

11. ማጠብ። ጨውና የ2 ሎሚ ጭማቂ አድርገው እያንዳንዱን ብልት ያሹ፤ ቢጫውን ስብና ሽፋኑን በቢላ ይላጡ፤ ውሃውን 4 ጊዜ ይለውጡ። የዶሮ ሽታ የሚመጣው ከዚያ ስብና ከአጥንቱ ሥር ከሚቀረው ደም ነው፤ ጀርባው ውስጥ ያለውን ጣትዎን አስገብተው ያውጡ። በመጨረሻ ንጹሕ ውሃ ውስጥ የ2 ሎሚ ጭማቂ ጨምረው 30 ደቂቃ ይዘፍዝፉ። ከሰዓት በላይ አይቆይ፤ ሎሚው የሥጋውን ፊት ያነጣውና ያደርቀዋል። አውጥተው በደንብ ያንጠፍጥፉ፣ ታፋውንና እግሩን በቢላ ጫፍ ሁለት ሦስት ቦታ ይብጡት። ቁሌቱ የሚገባው በዚያ ነው።

ማጠቢያው፣ መክተፊያውና ቢላው ወዲያው በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠቡ። ጥሬ ዶሮ የነካው መክተፊያ ላይ ሰላጣ መክተፍ በበዓል ማግስት ቤተሰቡን ሁሉ በሆድ ሕመም ሊያስተኛ ይችላል።

የሱቅ ዶሮ የሚገዙ ደግሞ ከፍሪዘር ቀድመው አውጥተው በማቀዝቀዣ ውስጥ እንዲቀልጥ ያድርጉ (ሙሉ ቀንና ሌሊት ይፈልጋል)። ውሃ ስለሚይዝ በንጹሕ ጨርቅ ወይም በሶፍት ይጠረግ፤ ካልሆነ ወጡ ይቀጥናል።

12. ቁሌቱን አሙቀው ቅቤውን ይጨምሩ፣ 10 ደቂቃ ያቁላሉ። ከዚህ ደቂቃ ጀምሮ ድስቱ ፍስክ ነው። ማማሰያውን እንኳ በልማድ እንዳይልሱት! የሚቀምስ ትንሽ ልጅ ካለ ይቅመስ እንጂ የልጅ ምላስ ጨው አያውቅም፤ ልኩን ይመኑ።

13. ብልቶቹን በሁለት ዙር ያስገቡ። መጀመሪያ ታፋ፣ እግር፣ አንገት፣ ጀርባና ክንፍ፣ ከቀረው ግማሽ ማንኪያ ጨው ጋር። ለ10 ደቂቃ ያለ ውሃ በቁሌቱ ይገላበጡ፤ የራሳቸውን ውሃ ይለቃሉ። ከዚያ 2 የሻይ ብርጭቆ ሙቅ ውሃ ጨምረው በረጋ እሳት፣ ክዳኑን ገርበብ አድርገው ይተዉ። መላላጫውና ፈረሰኛው በኋላ ነው የሚገቡት፣ ሊደርስ 25 ደቂቃ ሲቀረው። የደረት ሥጋ አብሮ ከገባ ታፋው ሲበስል እሱ እንደ ክር ይተለተላል።

ጊዜው እንደ ዶሮው ነው። የሀበሻ ዶሮ አዲስ አበባ ላይ ከ1 ሰዓት ከሩብ እስከ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይፈልጋል። የፈረንጅ ዶሮ ከ40 እስከ 50 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ለእሱ ደረቱ ሊደርስ 15 ደቂቃ ሲቀረው ይግባ። ቦታም ለውጥ አለው፦ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ዱባይ ወይም ሌላ የባሕር ጠረፍ ከተማ በ100 ስለሚፈላ ያው ዶሮ ቀደም ብሎ ይበስላል። እናትዎ ከአገር ቤት በስልክ የነገሩዎት ሰዓት ለዚህ ነው ውጭ አገር ላይ ሥጋውን የሚያፈርሰው።

መብሰሉን ሳይቀምሱ ለማወቅ እግሩን ይመልከቱ። ሥጋው ከአጥንቱ ጫፍ አንድ ጣት ያህል ከተሰበሰበ፣ ቢላም ታፋው ውስጥ ሳይገፋ ከገባ በቅቶታል። ሲገላብጡ በማማሰያ አያንቀሳቅሱ፤ ድስቱን በሁለት እጀታ ይዘው ወዝወዝ ያድርጉት። ብልቱ ሳይፈርስ የሚደርሰው እንዲህ ነው።

14. እንቁላሉን ይቀቅሉ። አዲስ አበባ ከፈላ በኋላ 13 ደቂቃ፣ ቆላና ባሕር ጠረፍ 10 ደቂቃ። ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከተው ይላጡ፤ ዙሪያውን በቢላ አራት ቦታ ይሰንጥቁት፣ አስኳሉን ሳይነኩ። ካልተሰነጠቀ ቁሌቱ ከላይ ይንሸራተታል፣ ውስጡ ባዶ ነጭ ይሆናል።

15. መከለሻ፣ ኮረሪማና እንቁላል፣ በመጨረሻዎቹ 5 ደቂቃ። የቅመም መዓዛ ከእንፋሎቱ ጋር ነው የሚሄደው፤ ቀድሞ ከገባ ሽታው ቤቱን ይሞላና ወጡ ባዶ ይቀራል። እሳቱን አጥፍተው ከድነው ይተዉት። ቅቤው ቀስ ብሎ አናቱ ላይ ይሰፍራል።

ሌሊቱን ማቆየት

ከማምሻው ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ቅዳሴው ተፈጽሞ እስኪመለሱ ወጡ ሰባት ስምንት ሰዓት ብቻውን ነው። ትልቅ ድስት ሙሉ ወጥ ለብ እንዳለ ብዙ ሰዓት ይቆያል። ለተሕዋስያን የሚመቸውም ያ ለብታ ነው። ከመሄድዎ በፊት ሁለት ሰዓት ያህል ጊዜ ካለዎት በሁለት ጎድጓዳ ዕቃ ከፍለው አቀዝቅዘው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስገቡ። ማቀዝቀዣ ከሌለ ክዳኑን ገርበብ አድርገው ቤቱ ውስጥ በጣም ቀዝቃዛ በሆነው ቦታ ያኑሩት። በሁለቱም መንገድ ሲመለሱ እስከ መሐሉ ድረስ እስኪንተከተክ ይሙቅ፤ ለብ ብሎ አይቅረብ። ሞቃት አገር ያላችሁ ማቀዝቀዣውን የግድ ተጠቀሙ።

እሳት ለኩሰው ጥለው አይሂዱ። በተለይ ከሰል፦ የተዳፈነ ፍም በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሽታና ጭስ የሌለው መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ልጆችና አረጋውያን ቤት ከቀሩ በእንቅልፋቸው ሊገድላቸው ይችላል። ድስቱን ሞቆ ለማቆየት ብሎ ከሰል ማንደጃውን ወደ ቤት ማስገባት በፍጹም አይደረግም።

ሲቀርብ

43 ቀን ቅቤና ሥጋ ያላየ ሆድ በአንዴ አይጫንም። የተቆላና የተፈጨ ተልባ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ተበጥብጦ፣ ከምግቡ ሩብ ሰዓት ቀደም ብሎ ይጠጣ። ከዚያ ትንሽ ወጥ በአይብ። አይቡ ቅባቱንና በርበሬውን ያለዝባል። ጠላውና ጠጁ ከእህል በኋላ ይሁኑ። ጥሬ ሥጋ የሚበላ ቤት ከሆነ ከሰዓት በኋላ ቢያደርገው ሆድ ያመሰግነዋል።

ፈረሰኛው ለአባወራው ወይም በቤቱ ላለው ትልቅ ሰው ይወጣል፤ ስለዚህ በጭልፋ ሲያወጡ ከሌላው ጋር እንዳይጠፋ ፊት ላይ ያስቀምጡት። ለአንድ ሰው አንድ ብልትና አንድ እንቁላል ነው ልኩ። እንግዳ ከበዛ እንቁላሉን ይጨምሩ እንጂ ብልቱን ለሁለት አይክፈሉ።

ሲበላሽ

ወጡ ቀጠነ፦ ሽንኩርቱ ውሃውን ሳይጨርስ በርበሬ ገብቶበታል፣ ወይም ዶሮው አልተንጠፈጠፈም። ብልቶቹን አውጥተው መረቁን ብቻ ክዳን በሌለው ድስት አንተክትከው ያወፍሩት፤ የተቀነሰውን ቁሌት ይጨምሩበት። ዱቄት አይግባበት፣ ሽሮ ያስመስለዋል።

ጨው በዛ፦ ግማሽ ብርጭቆ ሙቅ ውሃና ጨው ያልገባበት ሁለት ሦስት ተጨማሪ እንቁላል። ድንች መክተት ጨው አይመጥጥም፤ ድንቹ የሚወስደው ከመረቁ ጋር የጠጣውን ብቻ ነው።

ስኳር ስኳር አለ፦ ውጭ አገር የሚሸጠው ቀለሙ ቢጫ ወይም ነጭ የሆነ ሽንኩርት አብዛኛው ከሀበሻው ይልቅ ስኳር አለው። ቀዩን ይምረጡ፤ ከሌለ ሽንኩርቱን ወደ 2 ኪሎ ዝቅ፣ በርበሬውን 2 የሾርባ ማንኪያ ከፍ ያድርጉ።

ቅቤው አልወጣም፦ በርበሬው በቂ ጊዜ አልተቁላላም ወይም ውሃ በዝቶበታል። ክዳኑን አንሥተው በዝቅተኛ እሳት 15 ደቂቃ ይተዉት። ቅቤ መጨመር አይደለም መፍትሔው፤ ውሃው እስካለ ድረስ የጨመሩትም አብሮ ይሰወራል።

ሁለት ዶሮ ሲሠራ አልሆነም፦ ሁሉም ነገር እጥፍ ይሁን፣ ውሃው ግን እጥፍ ሳይሆን አንድ ተኩል። ሽንኩርቱን ደግሞ በሁለት ድስት ያቁሉ። ውሃ የሚተነው ከፊቱ ስለሆነ 5 ኪሎ በአንድ ጥልቅ ድስት ውስጥ ከገባ ከእጥፍም በላይ ይቆያል፤ ሥሩም ቀድሞ ያርራል። ቁሌቱ ከደረሰ በኋላ አንድ ላይ መገልበጥ ይቻላል።

ለማግስቱ የተረፈ፦ በየጊዜው ድስቱን ሙሉ አያሙቁ። የሚበላውን ያህል ብቻ እየቀነሱ ያሙቁ፤ አንዴ የሞቀው ወደ ማቀዝቀዣ አይመለስ። እንቁላሉ በተደጋጋሚ ሲሞቅ እንደ ላስቲክ ስለሚሆን መጀመሪያ እሱ ይበላ።